አረንጓዴው የእሬት ሊፕስቲክና የመደርደሪያ ጎረቤቶቹ፦ ለከንፈር የሚያስተማምነው ቀለም የትኛው ነው?

ማሸጊያው ላይ የእሬት ቅጠል ተስሏል፤ ከጎኑ «99% እሬት» ይላል። ክዳኑ ሲከፈት ሊፕስቲኩ አረንጓዴ ነው፤ ከንፈር ላይ ሲቀባ ግን ብዙም ሳይቆይ ደማቅ ሮዝ ይሆናል። ሻጮች «ተፈጥሯዊ ነው፣ ኬሚካል የለበትም» እያሉ ያቀርቡታል፤ «እንደ ሰውነትሽ ሙቀት ነው ቀለሙ የሚወጣው» የሚሉም አሉ። ርካሽ ነው፣ ሲበሉና ሲጠጡም ቶሎ አይለቅም፤ ስለዚህ ከኮስሞቲክስ ሱቅ መደርደሪያ አይጠፋም። ይህ ግምገማ በዋናነት ስለ እሱ ነው። ከእሱ ጋር የሚሸጡትን የካርሚን ቀዩን፣ የተለመደውን ሰው ሠራሽ ቀይና «ሚኔራል» የሚባለውን ቡናማም እናያለን፤ በመጨረሻም ቤት ውስጥ በቀይ ስር የሚሠራውን።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። «ተፈጥሯዊ» ወይም «ሰው ሠራሽ» መባሉ አንድ ሊፕስቲክ ስለ ማስተማመኑ የሚነግረን ነገር የለም። የሚነግረን ቀለሙ በቁጥር መጻፉ፣ ያ ቀለም ለከንፈር የተፈቀደ መሆኑና ፋብሪካው ንጽሕናውን የሚቆጣጠር መሆኑ ነው። ሊፕስቲክ ቆዳ ላይ ብቻ የሚቀር መዋቢያ አይደለም፤ ከምግብ፣ ከሻይና ከምራቅ ጋር ወደ ሆድ ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት የሸማቾች ደህንነት ሳይንሳዊ ኮሚቴ ሒሳቡን ሲሠራ አንዲት ሴት በቀን 57 ሚሊግራም ሊፕስቲክ እንደምትጠቀም ይወስዳል። ስለዚህ ቀለሙን እንደ ጥፍር ቀለም ሳይሆን ወደ አፍ እንደሚገባ ነገር አድርጎ መመዘን ይገባል።

መጀመሪያ «99% እሬት» የሚለውን እንፍታ። የእሬት ጄል ራሱ 99 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። ሊፕስቲክ ደግሞ የሰምና የዘይት ውጤት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 በመቶ ሰም፣ ከ50 እስከ 65 በመቶ ዘይት (በአብዛኛው የጉሎ ዘይት)፣ ጥቂት ለስላሳ ቅባት፣ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆን ቀለም ይኖረዋል። ውሃና ሰም አይዋሐዱም፤ 99 በመቶ እሬት የሆነ ነገር ቆሞ ሊፕስቲክ ሊሆን አይችልም። ማረጋገጫው ከማሸጊያው ጀርባ ነው። የይዘት ዝርዝር ከብዙው ወደ ጥቂቱ ይጻፋል፤ ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ግን በፈለጉት ቅደም ተከተል ሊቀመጡ ይችላሉ። መጀመሪያ ላይ የማዕድን ዘይት፣ ፓራፊንና ሰም ተደርድረው እሬት ከሽቶው በኋላ ከመጣ፣ ውስጡ ያለው እሬት ለስም ያህል ብቻ ነው።

ሮዙን የሚያወጣው ታዲያ ምንድን ነው? ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ «ሲአይ 45410» (CI 45410) የሚል ቁጥር ፈልጉ፤ ሲአይ የቀለሞች ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ነው። አሜሪካ ውስጥ «ሬድ 27» ይባላል። ወንድሙ «ሬድ 21» ደግሞ 45380 ነው፤ እሱም ኢዮሲን ከሚባለው ቀለም ቤተሰብ ነው። ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ ናቸው። ሰም ውስጥ ሳሉ ሞለኪውላቸው እንደ ቀለበት ዝግ ስለሆነ ቀለም አይሰጡም ማለት ይቻላል። የከንፈር እርጥበት ሲያገኛቸውና አሲድነቱ ሲቀንስ ቀለበቱ ይከፈታል፣ ሮዙ ይወጣል፣ ከከንፈር ቆዳ ፕሮቲን ጋርም ይያያዛል። ለሰዓታት የማይለቀውም ለዚህ ነው። ሙቀትንም ስሜትንም አይለካም።

ይህን ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ነጭ ሶፍት ላይ ወፈር አድርጋችሁ ቀቡት፣ በአንድ ማንኪያ ውሃ ውስጥ ቁንጥር የመጋገሪያ ሶዳ አሟሙታችሁ ከጎኑ ጠብ አድርጉ። ሶዳው የነካው ጠርዝ ቀስ በቀስ ሮዝ ይሆናል። ሶፍቱ የሰው ሙቀት የለውም፤ ቀለሙ ግን ወጣ። የሐሰት ብር መለያ የአልትራቫዮሌት መብራት ካለም የተከፈተው ሮዝ ሲያበራ ይታያል። ሌላም ምልክት አለ፤ አረንጓዴው፣ ጥቁሩ፣ ቢጫውና ሰማያዊው ጎን ለጎን ቢቀቡ የሚሰጡት ሮዝ ተመሳሳይ ነው። ውጫዊው ቀለም ለዓይን ማማለያ ብቻ ነው፤ እኛን የሚያሳስበን ግን በተለይ እሱ ነው።

45410 ራሱ አሜሪካም ሆነ አውሮፓ ኅብረት ለከንፈር ፈቅደውታል። በአሜሪካ ሕግ እያንዳንዱ የምርት ባች (በአንድ ዙር የተመረተው) ከመሸጡ በፊት ናሙናው ወደ ምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ተልኮ ይመረመራል፤ ካለፈ የምስክር ቁጥር ይሰጠዋል። አረንጓዴውን መልክ የሚሰጠው ግን ሌላ ቀለም ነው። 42090 (ብሉ 1) ከቢጫ ጋር ተቀላቅሎ ከሆነ ለከንፈር የተፈቀደ ነው። 61565 (ግሪን 6) ከሆነ በአሜሪካ ሕግ «ለውጭ አካል ብቻ» ከሚባሉት ይመደባል፤ በዚያ ሕግ ደግሞ «ውጭ አካል» ሲባል ከንፈርን አይጨምርም። ሐምራዊ መልክ ባላቸው ላይ የሚገኘው 60725 (ቫዮሌት 2) እንዲሁ ነው። ስለዚህ ይህን ሊፕስቲክ ስታነሱ የ45410ን መኖር ብቻ ሳይሆን አብሮት የተጻፈውንም ተመልከቱ። ጭራሽ ምንም የቀለም ቁጥር ያልተጻፈበት፣ «እሬት፣ ቫይታሚን ኢ፣ ሰም» ብሎ የሚያበቃ ከሆነ ዝርዝሩ ሐሰት ነው፤ ያለ ቀለም ሮዝ አይወጣምና። እንዲህ ያለውን መደርደሪያው ላይ ተዉት።

አንድ ነገር ለቆዳ አለርጂ ላለባቸው። የኢዮሲን ቤተሰብ ቀለሞች ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በከንፈር መቆጣት የታወቁ ነበሩ፤ ንጽሕናቸው ሲሻሻል ችግሩ ቀነሰ። ንጽሕናው ያልታወቀ ምርት ይህን ችግር መልሶ ሊያመጣ ይችላል። እነዚህ ቀለሞች ብርሃን ስለሚስቡም ከንፈሩ ተቆጥቶ ፀሐይ ሲያገኘው የሚብስበት ሰው አለ። ሲያስለቅቁትም በሳሙናና በሻካራ ጨርቅ መፈተግ ቆዳውን ያቆስላል፣ ቀለሙም አይለቅም። ጥጥ በወይራ ወይም በኮኮናት ዘይት ነክሮ አንድ ደቂቃ ያህል ከንፈር ላይ ማቆየት፣ ከዚያ በቀስታ መጥረግ፣ ካልለቀቀ መድገም ነው።

ወደ ካርሚኑ ቀይ እንሂድ። ቁጥሩ 75470 ነው፤ ምግብ ላይ ደግሞ ኢ 120 ተብሎ ይጻፋል። እውነተኛ ተፈጥሯዊ ምንጭ ያለው፣ ብርሃንና ሙቀት የሚችል፣ ጥልቅ ቀይ የሚሰጥ ቀለም ነው። የሚገኘው በቁልቋል ላይ ከሚኖሩ ኮቺኒል ከሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳት ሲሆን ዋናዋ አምራች ፔሩ ናት። ለአንድ ፓውንድ ደረቅ ኮቺኒል 70,000 ያህል ነፍሳት እንደሚያስፈልጉ ይነገራል። ነፍሳቱ ለአገራችንም እንግዳ አይደሉም፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለዚሁ ቀለም ሲባል ወደ ትግራይ ገብተው ነበር፤ ኋላ ከቁጥጥር ወጥተው የደቡብ ትግራይን በለስ የሚያወድም ተባይ ሆኑ። ገበሬው በክረምት የሚበላውንና የሚሸጠውን፣ ከብቱን በድርቅ የሚያቆይበትን ተክል ያሳጣ ነገር ነው፤ «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ብቻውን ጉዳትን እንደማያስቀር ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አይገኝም።

ካርሚን በጥሬው ነፍሳት ተፈጭቶ የሚቀባ አይደለም። የደረቁት ነፍሳት ይቀቀላሉ፣ ቀለሙ ይወጣል፣ ከዚያ በአሉሚኒየም ጨው ዝቃጭ ሆኖ እንዲረጋ ይደረጋል። የአሜሪካ ሕግ ቢያንስ 50 በመቶ ካርሚኒክ አሲድ (ቀዩን የሚሰጠው ንጥረ ነገር) እንዲኖረው፣ እርሳስ ከ10 ፒፒኤም፣ አርሴኒክ ከ1 ፒፒኤም እንዳይበልጥ፣ ሕይወት ያለው ሳልሞኔላ ጨርሶ እንዳይገኝበት ያዝዛል። ፒፒኤም ማለት በአንድ ግራም ውስጥ ያለ ማይክሮግራም ነው። የሳልሞኔላው ቅድመ ሁኔታ ምንጩ እንስሳ ስለሆነ የመጣ ነው፤ ለሰው ሠራሹ ቀይ አያስፈልግም።

የካርሚን ዋና ስጋት አለርጂ ነው። ከነፍሳቱ የሚቀር ፕሮቲን በጥቂት ሰዎች ላይ ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት፣ አልፎ አልፎም ትንፋሽ የሚያሳጣ ከባድ አለርጂ ያስነሳል። በዚህ ምክንያት ከጥር 2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ምግብም ሆነ መዋቢያ ላይ በስሙ እንዲጻፍ ግዴታ ሆኗል፤ ከዚያ በፊት ምግብ ላይ «የተጨመረ ቀለም» ተብሎ ይታለፍ ነበር። በጾም ወቅት ከእንስሳ የመጣ ወደ አፌ አይግባ ለሚሉ፣ ሐላልነቱን ለሚጠይቁና ከእንስሳ ውጤት ለሚታቀቡ ቁጥሩን ማወቅ ይጠቅማል፤ «100% ተፈጥሯዊ» የሚለው ሊፕስቲክ ቀይ ከሆነ 75470 የመኖሩ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ለአለርጂ የማይጋለጥና በምንጩ የማይቸገር ሰው ግን ከታወቀ አምራች የመጣ ካርሚን ያለ ስጋት ሊጠቀም ይችላል፤ በቀለም ጥራቱ ከአራቱ አንደኛ ነው።

ሦስተኛው በየሱቁ ያለው የተለመደ ቀይ ነው፤ ቁጥሩ 15850። ሬድ 6 እና ሬድ 7 የሚባሉት የዚህ ሁለት መልኮች ናቸው፤ ሬድ 7 በካልሲየም የረጋው ነው። በሙያው «ሌክ» ይባላል፤ በዘይትም በውሃም የማይሟሟ ደቃቅ ዱቄት ስለሆነ ከከንፈር ዳር አይፈስም፣ ቆዳም ውስጥ አይዘልቅም። ሰዎች «ከፔትሮሊየም የተሠራ» ሲባል የሚደነግጡት ይሄኛውን ነው። እኛ ግን በየቀኑ ለሚቀባ ሰው ከሁሉ የምናስቀድመው እሱን ነው፤ ምክንያቱም ምን እንደያዘ በቁጥር የታወቀ ነው። በአሜሪካ የባች ምርመራው እርሳስ ከ20 ፒፒኤም፣ አርሴኒክ ከ3፣ ሜርኩሪ ከ1 እንዳያልፍ ይጠብቃል፤ ከአሠራሩ የሚቀረው ፓራ-ቶሉዲን የሚባል ጎጂ ኬሚካል እንኳ በ15 ፒፒኤም ተወስኗል። ይህ የዱቄቱ ልክ ነው፤ ዱቄቱ በሊፕስቲኩ ውስጥ ከ10 በመቶ ስለማይበልጥ በዚህ በኩል ከንፈር ላይ የሚደርሰው ቢያንስ በአሥር እጥፍ ያነሰ ይሆናል።

ሰው ሠራሽ ቀለሞች ሁሉ ንጹሕ ናቸው ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የአሜሪካ የቀለም ሕግ በእንስሳ ላይ ካንሰር ያስከተለ ማንኛውም ቀለም እንዳይፈቀድ ይደነግጋል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ለሬድ 19 ካንሰር የማምጣት ዕድሉን በከፍተኛ ግምት ከ9 ሚሊዮን ሰው አንድ፣ ለኦሬንጅ 17 ደግሞ ከ19 ቢሊዮን አንድ ብሎ አስልቶ «ይህ ከቁጥር የሚገባ አይደለም» በማለት ሊፈቅድ ሞክሮ ነበር። የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1987 ሕጉ ለትንሽ አደጋም ቀዳዳ አልተወም ብሎ ከለከለው። ሬድ 3 (45430) በአይጦች ላይ የታይሮይድ ካንሰር በማስከተሉ በ1990 ከመዋቢያ ወጣ፤ ከምግብ እንዲወጣ የተወሰነው ግን ገና በጥር 2025 ነው። መዋቢያ ላይ የወደቀው ቀለም ከረሜላ ውስጥ 35 ዓመት ያህል መቆየቱ የሚያስቆጭ ነው። አሮጌ ክምችት ወይም አምራቹ የማይታወቅ ሊፕስቲክ ላይ 45430ን ካያችሁ አትግዙ።

ቢጫ ወደሚያደላ ቀይና ብርቱካንማ ስትሄዱ 19140 (ታርትራዚን) ይገጥማችኋል። ይህ የተፈቀደ ነው፤ አስፕሪን የማይስማማቸው አንዳንድ ሰዎች ግን ለእሱም ይቆጣሉ።

«ሚኔራል» የሚባለው ቡናማና የሸክላ መልክ ያለው ሊፕስቲክ ቀለሙ በአብዛኛው የብረት ዝገት ነው፤ 77491 ቀይ፣ 77492 ቢጫ፣ 77499 ጥቁር። ለማንጣት 77891 (ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ)፣ ለማብረቅረቅ 77019 (ማይካ) ይጨመራል። «ከምድር የተገኘ» ተብሎ ይሸጣል፤ ነገር ግን የአሜሪካ ሕግ ለመዋቢያ የሚፈቅደው በፋብሪካ የተሠራ የብረት ኦክሳይድን ብቻ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣው አፈር እርሳስና አርሴኒክ ይዞ ይመጣል። ለዚህ ከቤታችን የማይርቀው ማስረጃ ኩል ነው። ከድንጋይ የሚፈጨው አንዳንዱ ኩል የእርሳስ ሰልፋይድ ነው፤ ጥንታዊ ነው፣ ተፈጥሯዊ ነው፣ መርዝም ነው። ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ጥላ ካለው «ሚኔራል» ሊፕስቲክ ላይ ደግሞ 77007 (አልትራማሪን)፣ 77288 እና 77289 (ክሮሚየም) ወይም 77510 ካለ በአሜሪካ ለከንፈር ያልተፈቀደ ነው፤ ለዐይን ጥላ የተሠራ ዱቄት ከንፈር ላይ መቀባት የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው።

እርሳስን በተመለከተ በሒሳብ መነጋገር ይሻላል። የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት አስተዳደር ገበያ ላይ ያሉ 400 ሊፕስቲኮችን አስመርምሮ አማካዩ 1.11 ፒፒኤም፣ ከፍተኛው 7.19 ፒፒኤም ሆኖ አግኝቶታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ለከንፈር ምርቶች ከ10 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ምክረ ሐሳብ አወጣ፤ የካናዳ ልክም 10 ነው። በ2013 የታተመ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ጥናት በቀን በአማካይ 24 ሚሊግራም፣ አብዝቶ ለሚቀባ 87 ሚሊግራም ወስዷል። 24 ሚሊግራም በ1.11 ሲባዛ 0.027 ማይክሮግራም እርሳስ ነው። አብዝቶ የሚቀባ ሰው ከፍተኛውን ሊፕስቲክ ቢጠቀም 0.63 ማይክሮግራም ይደርሳል። አስተዳደሩ በወሊድ ዕድሜ ላለች ሴት ከምግብ በቀን 8.8፣ ለሕፃናት 2.2 ማይክሮግራም መጠበቂያ መስመር አስቀምጧል። ስለዚህ ቁጥጥር ያለበት ሊፕስቲክ ከመስመሩ ብዙ ይርቃል። ቁጥጥር የሌለበት ግን ሒሳቡን ይገለብጠዋል፤ 1,000 ፒፒኤም ያለበት አንድ አስመሳይ ምርት በዚያው 24 ሚሊግራም 24 ማይክሮግራም ያስገባል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ምንጩ ያልታወቀውን እርግፍ አድርጋ እንድትተው፣ ሕፃናትም በእናት ሊፕስቲክ እንዳይጫወቱ የምንወተውተው ለዚህ ነው።

በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚዞረው የወርቅ ቀለበት ሙከራ አይሠራም። ሊፕስቲኩን እጅ ላይ ቀብቶ በወርቅ ሲፈተግ ጥቁር መስመር ከወጣ እርሳስ አለው ይባላል። ጥቁሩ ግን ከቀለበቱ የተፋቀ ብናኝ ነው፤ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድና የብረት ኦክሳይድ ጠንካራ ቅንጣቶች ስለሆኑ ለስላሳውን ወርቅ ይፍቁታል። በሚሊዮን ክፍል አምስትና ስድስት የሆነ እርሳስ በዓይን አይታይም። በትክክል የሚለካው ቤተ ሙከራ ውስጥ አይሲፒ-ኤምኤስ በሚባል እጅግ ጥቂት ብረትን በሚለይ መሣሪያ ነው፤ በእጅ የሚያዝ፣ በኤክስሬይ የሚሠራ ኤክስአርኤፍ የሚባል መሣሪያም እጅግ የተበከለውን አስመሳይ ይለያል።

አሁን ወደ ቤት ሙያ። ቀይ ስር ጨምቆ ወይም ዱቄቱን ከሺያ ቅቤ ጋር ማዋሐድ በቪዲዮ ሲታይ ያምራል፤ ሲሠራ ግን ሦስት ቦታ ላይ ይበላሻል። የቀይ ስር ቀለም በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟም፤ ስለዚህ ዱቄቱ አሸዋ ሆኖ ከታች ይዘቅጣል። ጭማቂው ከሆነ ውሃው ከቅባቱ ይለያል፣ በጥቂት ቀናት ሻጋታና ባክቴሪያ ይይዛል፤ ሳይታይም ሊራባ ይችላል። ሦስተኛ፣ ሙቀትና ብርሃን ወደ ቡናማ ይቀይረዋል። ምግብ መሆኑ ለመብላት እንጂ ለወራት ቦርሳ ውስጥ ለመኖር አያበቃውም። አልካኔት የሚባለው ሥር በዘይት ስለሚሟሟ ይመረጣል፤ ነገር ግን ተክሉ ጉበት የሚጎዱ አልካሎይዶች አሉት፣ በአሜሪካም ለመዋቢያ ቀለምነት አልተፈቀደም። እንሶስላም የእጅና የእግር ጌጥ ነው፤ ከንፈር ላይ አታውሉት።

በቤት መሥራት ለሚወድ የሚያዋጣው ለመዋቢያ የተዘጋጀ 77491 ወይም 15850 ዱቄት መግዛት ነው፤ ከቀለም ቤት ወይም ከኬክ ማስጌጫ አይሆንም። ለ20 ግራም የሚበቃው 4 ግራም የንብ ሰም፣ 11 ግራም የጉሎ ዘይት፣ 3.4 ግራም የሺያ ቅቤና 1.6 ግራም ቀለም ነው። ሚዛኑ የግራም አሥረኛን የሚያነብ ይሁን። ቀለሙን መጀመሪያ በእጥፉ፣ ማለት በ3.2 ግራም የጉሎ ዘይት፣ መስታወት ላይ በስፓቱላ አሹት፤ ጣት ላይ ምንም ቅንጣት እስከማይሰማ ድረስ። ዝገቱ (77491) ቶሎ ይደቅቃል፣ ሌኩ (15850) ግን ታግሎ ነው የሚደቅቀው፤ እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ከንፈሩ ላይ ነጠብጣብ ያገኛል። ሰሙን፣ ቅቤውንና የቀረውን ዘይት በሙቅ ውሃ ላይ አስቀምጣችሁ ከ75 እስከ 80 ዲግሪ አቅልጡ፤ የንብ ሰም ከ62 ዲግሪ በላይ ስለሚቀልጥ በቀጥታ እሳት ላይ ማድረግ አያስፈልግም። የታሸውን ቀለም ጨምሩ፣ አየር ሳታስገቡ በቀስታ አማስሉ፣ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ አፍስሱ፣ ፍሪጅ ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል አቆዩ። እንፋሎቱ እንዳይንጠባጠብበት ተጠንቀቁ፤ አንድ ጠብታ ውሃ ለሻጋታ በቂ ነው። ላዩ ላይ ላብ የመሰለ ዘይት ከወጣ ዘይቱ በዝቷል ወይም ሙቀቱ ተለዋውጧል፤ በሚቀጥለው ሰሙን በግማሽ ግራም ከፍ፣ ዘይቱን በዚያው ልክ ዝቅ አድርጉ። ሲቀባ ከተሰበረ ለስላሳ ነው፣ ከጎተተ ሰም በዝቷል።

ስትገዙ የሚታየው ይህ ነው፤ የባች ቁጥር ማሸጊያውም ሊፕስቲኩ ሥርም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን፣ የአምራቹ አድራሻ ይኑር፣ ከተከፈተ በኋላ የሚቆይበት ወር ክፍት ጣሳ በሚመስለው ምልክት ላይ ይጻፍ። የቀለም ቁጥሮች ከሌላው ይዘት በኋላ በፈለጉት ቅደም ተከተል ይመጣሉ፤ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ከቀደማቸው «ከእነዚህ አንዳንዱ ሊኖር ይችላል» ማለት ነው፤ አንድ ዝርዝር ለብዙ መልኮች ሲታተም እንዲህ ይደረጋል። ታዋቂ ስም የያዘ ሊፕስቲክ በማይታመን ዋጋ ሲቀርብ «ኦርጅናል ነው» መባሉ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2018 የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ሳንቲ አሊ በሚባለው የገበያ ሰፈር የያዘው 700,000 ዶላር የተገመተ አስመሳይ መዋቢያ ሲመረመር ከፍተኛ ባክቴሪያና የእንስሳ ዓይነ ምድር ተገኝቶበታል። ሱቅ ውስጥ ያለውን ሳምፕልም ከንፈር ላይ አትሞክሩ፤ ምች የምንለው የከንፈር ቁስል የሄርፒስ ቫይረስ ነው፣ በዚህ ይተላለፋል። የእጅ ጀርባ ላይ መሞከር ይበቃል።

አዲስ ሊፕስቲክ ከመጀመር በፊት፣ በተለይ ካርሚን ወይም ቀለም የሚቀይር ከሆነ፣ የክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ የሳንቲም ስፋት ያህል በቀን ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን ቀቡ። የአለርጂ ምልክት ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ዘግይቶ ስለሚመጣ የአንድ ሰዓት ሙከራ አያሳይም። ከንፈር ሲደርቅ፣ ሲሰነጠቅ፣ ሲያሳክክና ሽፍታው ከከንፈር መስመር ሲያልፍ የከንፈር ምርት ሁሉ ይቁም፤ ባልሙም ጭምር። ነጭ ቫዝሊን ብቻ እየቀባችሁ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ጠብቁ። ጥፋቱን ወዲያው ቀለሙ ላይ አትጣሉ፤ ሽቶው፣ ላኖሊኑ (የበግ ፀጉር ቅባት)፣ የጉሎ ዘይቱ ወይም ፕሮፒል ጋሌት የሚባለው መጠበቂያም ሊሆን ይችላል፤ የቆዳ ሐኪም በፓች ምርመራ (ቆዳ ላይ እየለጠፉ በመሞከር) ይለየዋል። ከንፈርና ምላስ ወዲያው ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ለመጠበቅ ጊዜ የለም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ማሸጊያውን አትጣሉ። ሐኪሙ የቀለም ቁጥሮቹን የሚያነበው ከእሱ ነው። ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጥቆማ ስትሰጡም የባች ቁጥሩ፣ የአምራቹ ስምና የተገዛበት ሱቅ ያስፈልጋል፤ አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በ2022 የወጣው የመዋቢያ ሕግ ማሸጊያው ላይ የቅሬታ መቀበያ አድራሻ ወይም ስልክ እንዲጻፍ ስለሚያስገድድ መጀመሪያ እዚያ ጻፉ፤ ከባድ ጉዳት ከሆነ ድርጅቱ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ አለበት።